የቀንጢቻን ድንጋይ በሙሉ ማን ያየዋል?

ጉጂ ውስጥ ስላለችው የቀንጢቻ ማዕድን ማውጫ የሚወራው ወሬ በየጊዜው ይቀያየራል። አንድ ሰሞን ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚፈለገው ብረት፣ ታንታለም ነበር። ቀጥሎ አረንጓዴው የከበረ ድንጋይ፣ ኤመራልድ መጣ። አሁን ደግሞ ስሟ የሚነሳው በባትሪው ጥሬ ዕቃ፣ በሊቲየም ነው። ዜናውን ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ሦስት የተለያዩ ቦታዎች፣ ሦስት የተለያዩ ዕድሎች ይመስሉታል። መሬት ላይ ሲታይ ግን የሁሉም መነሻ አንድ ነው፤ ፔግማታይት የሚባል አለት።

ሊቲየሙ ስንት ነው፣ ማን ሊወስደው ነው የሚለው ጥያቄ በየቦታው ይነሳል። መነሳቱም ተገቢ ነው። አለቱን በሙሉ፣ የሚሸጠውንም የሚጣለውንም አንድ ላይ ቆጥሮ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይታይም። ቀንጢቻ አንዴ ስትከፈት አንዴ ስትዘጋ እዚህ የደረሰችው ዘመኑ የፈለገውን አንድ ማዕድን እየሰጠች ነው። የቀረው ወይ ተጥሏል፣ ወይ በሰው ኪስ ወጥቷል። በሊቲየሙም ይኸው እንዳይደገም እሰጋለሁ። ለምን እንደምሰጋ ለማስረዳት ከአለቱ መጀመር አለብኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አለቱ እንዴት ተፈጠረ?

ቀንጢቻ የምትገኘው በኦሮሚያ ክልል፣ ጉጂ ዞን፣ ሰባ ቦሩ ወረዳ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በአቅራቢያዋ ያለችው የታወቀች ከተማ ሻኪሶ ነች። አገሩ የአዶላ አገር ነው። አዶላ ሲባል ደግሞ ወርቅ ትዝ የማይለው ሰው የለም፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ከወንዝ ዳር አሸዋ ወርቅ ሲታጠብበት ኖሯል። የለገደንቢ የወርቅ ማውጫም ጎረቤት ነው። ጂኦሎጂስቶችም ያን አካባቢ ሲያስሱ የኖሩት በዋናነት ለወርቅ ብለው ነው። ፔግማታይቱ በደንብ የተጠናው በ1980ዎቹ፣ የኢትዮጵያና የሶቪየት ባለሙያዎች አብረው በሠሩበት ዘመን ነው።

አለቱ ራሱ ዕድሜ ጠገብ ነው። ታንታላይት በሚባለው የታንታለም ማዕድን ውስጥ ባለው ዩራኒየምና እርሳስ ሲሰላ 530 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ያኔ አህጉራት እየተገፋፉ ጎንድዋና የተባለው ግዙፍ አህጉር ተገጣጥሞ የሚያልቅበት ጊዜ ነበር። በዚያ ግፊያ ጥልቅ መሬት ውስጥ አለት ቀለጠ። የቀለጠው ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ተራዎቹ ማዕድናት ቀድመው ጠጠሩና ግራናይት ሆኑ። በተራ ማዕድናት ውስጥ ቦታ የማያገኙት ሊቲየም፣ ቤሪሊየም፣ ታንታለምና ሲዚየም ግን ከውሃ ጋር ሆነው እስከ መጨረሻው ቆዩ። አተላ ሆነው ቀሩ ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ የዚህኛው አተላ ከጠላው መወደዱ ነው። ያ የቀረው ቅልጥ በስንጥቅ እየሰረገ ወጥቶ ሌላ አለት ውስጥ ገብቶ ቀዘቀዘ። ፔግማታይት ማለት እሱ ነው። ውሃ የበዛበት ስለሆነ ክሪስታሎቹ እንደ ልብ ያድጋሉ። በተራ ግራናይት ውስጥ በሚሊ ሜትር የሚለካ ማዕድን በፔግማታይት ውስጥ ክንድ ሊያህል ይችላል።

የቀንጢቻው ፔግማታይት ሁለት ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ውፍረቱ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ሰርፔንቲናይት በሚባል ጠቆር ያለ አረንጓዴ አለት መሃል ጋደም ብሎ ነው ያለው። ይህን ሰርፔንቲናይት ያዙልኝ፤ ኤመራልዱ ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ከታች ወደ ላይ ሲኬድ የአለቱ ይዘት ይለያያል። ታችኛው ደቃቅ ግራናይት ነው፤ ብዙም ፈላጊ የለውም። መሃሉ ነጭ ፌልድስፓር፣ ኳርትዝና ማይካ ነው። ዋናው ሀብት ያለው ከላይ ነው። ስፖዱሚን የሚባለው የሊቲየም ማዕድን፣ ሐምራዊ ቀለም ያለው ሌፒዶላይት እና ደህናው ታንታላይት እዚያ ነው የሚገኙት።

ከዚያ ደግሞ ዝናቡ አለ። ለረጅም ዘመን ከላይ ሲወርድበት የኖረው ውሃ የአለቱን የላይኛውን ክፍል አበሰበሰው። ፌልድስፓሩ ነጭ ሸክላ ሆነ። ስፖዱሚኑም ፈርሶ ሸክላ ሆነ፤ ሊቲየሙን ውሃው ይዞት ሄደ። ታንታላይትን ግን ዝናብ አይሞቀውም አይበርደውም። ባለበት ቀረ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚደበላለቀው። ሊቲየሙና ታንታለሙ ተቀላቅለው አንድ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጡ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላውም አብሮ የሚወጣ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። የበሰበሰው የላይኛው ክፍል የታንታለም ቤት ነው። ሊቲየሙን ለማግኘት ከበሰበሰው በታች ወዳለው ደረቅ አለት መውረድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በኤክስካቫተር ይዛቃል። ሁለተኛው ድማሚትና ወፍጮ ይፈልጋል። ወጪያቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የታንታለሙ ዘመን

ማምረቱ የተጀመረው በ1990 አካባቢ፣ በሙከራ ፋብሪካ ነው። ለብዙ ዓመታት ሲያንቀሳቅሰው የኖረው የመንግሥት ድርጅት የሆነው የኢትዮጵያ ማዕድን ልማት አክሲዮን ማህበር ነበር።

አሠራሩ በመርህ ደረጃ ወርቅ ከማጠብ አይለይም፤ ክብደትን ነው የሚጠቀመው። ኳርትዝ ከውሃ ሁለት ተኩል ጊዜ ገደማ ይከብዳል። ታንታላይት ሰባትና ስምንት ጊዜ። የተዛቀው አፈር በውሃ ይታጠብና በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ ይለቀቃል። ጠረጴዛው ትንሽ ያዘነበለና ስስ ቦይ የተሰመረበት ነው። ውሃው ነጩን አሸዋ እየገፋ በአንድ ጎን ያወርደዋል። ከባዱ ጥቁር አሸዋ ግን ቦዩን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ይጓዛል፤ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ለብቻው ይታያል። ያ መስመር ነው በበርሜል ታሽጎ ወደ ውጭ የሚላከው።

ታንታለም የሚቀልጠው ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። አሲድ በቀላሉ አይበላውም። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ግን ካፓሲተር ለሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው። በ2000 የሞባይል ስልክ ገበያ ሲጦፍ የታንታለም ዋጋ ጣሪያ ነካ፤ ብዙም ሳይቆይ ተንኮታኮተ። ገበያው ጠባብ ነው። ገዢዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሁለት ሦስት ፋብሪካ ግዢ ካቆመ ዋጋው ይወርዳል። ሊቲየምም ላይ ይህን መሰል መዋዠቅ አይተናል፤ እመለስበታለሁ።

ሌላም ጣጣ አለው። ታንታላይት ውስጥ ዩራኒየምና ቶሪየም በተፈጥሮ ይገኛሉ። መጠናቸው ትንሽ ነው። ግን ማዕድኑ ሲጣራ እነሱም አብረው ይከማቻሉ። ጨረሩ በግራም ከ10 ቤከሬል (የጨረር መለኪያ ነው) በላይ ከሆነ ጭነቱ በዓለም አቀፍ የትራንስፖርት ሕግ ራዲዮአክቲቭ ተብሎ ይመደባል። እንዲህ ያለውን ጭነት የሚቀበሉ መርከቦችና ወደቦች ጥቂት ናቸው፤ የሚቀበሉትም ዋጋ ይጨምራሉ። የቀንጢቻ ታንታላይትም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። ሀብት አለን ማለትና ሀብቱ መርከብ ላይ ወጣ ማለት አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

በነዚያ ዓመታት ከዚያ አለት የተቆጠረው ታንታለም ብቻ ነበር። ከጠረጴዛው ላይ በነጩ አሸዋ በኩል የወረደው ሁሉ ተረፈ ምርት ተብሎ ወደ ጎን ተጣለ።

አረንጓዴው ከጠርዙ ላይ ነው

ከ2016 ማብቂያ ጀምሮ ሌላ ወሬ ተሰማ። በሻኪሶ አካባቢ፣ ሃሎና ደርሚ በተባሉት መንደሮች አረንጓዴ ድንጋይ ወጣ ተባለ። በ2017 የውጭ አገር የከበሩ ድንጋዮች ቤተ ሙከራዎች መረመሩት። ኤመራልድ ነው አሉ። እንዲያውም ጥሩ ኤመራልድ ነው አሉ። ከየአገሩ የሚመጣው አብዛኛው ኤመራልድ ስንጥቁን ለመደበቅ ዘይት ይጠጣል። ከሻኪሶ ከወጡት ውስጥ ግን ዘይት ሳይነካቸው ጥርት ብለው የሚታዩ ተገኙ። ነጋዴው ሁሉ ጆሮውን ያቆመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰርፔንቲናይቱ እንመለስ። ኤመራልድ ማለት ቤሪል የሚባለው ማዕድን ነው። ንጹሕ ቤሪል ቀለም የለውም። ብረት ሲገባበት ወደ ሰማያዊ ያደላና አኳማሪን ይሆናል። ኤመራልድ የሚሆነው ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም ሲገባበት ነው። ችግሩ፣ ቤሪል ለመሆን የሚያስፈልገው ቤሪሊየምና አረንጓዴ የሚያደርገው ክሮሚየም በተፈጥሮ አብረው አይውሉም። ቤሪሊየም ያለው ግራናይትና ፔግማታይት ውስጥ ነው። ክሮሚየም ያለው ደግሞ ከጥልቅ በመጡ እንደ ሰርፔንቲናይት ባሉ ጥቁር አለቶች ውስጥ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ የሚገናኙት ፔግማታይት ያን ጥቁር አለት ሰንጥቆ ሲገባ ነው። ትኩሱ ፈሳሽ ጎረቤቱን አለት ያበስለውና ወደ ጥቁር ማይካ ይቀይረዋል። ቤሪሉ እዚያ ማይካ ውስጥ ሲያድግ ክሮሚየሙን ይወስዳል። የዛምቢያው ካፉቡ፣ የሩሲያ ኡራል ተራሮች፣ የብራዚሉ ኢታቢራም ኤመራልድ ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው።

ጥሬውን ድንጋይ ያየ ሰው ይህን ታሪክ እላዩ ላይ ያነበዋል። ስድስት ጎን ያለው አረንጓዴ ዘንግ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጫፉ የተሰበረ። ዙሪያው የሚያብለጨልጭ ጥቁር ማይካ ተለጥፎበታል። በጥፍር ሲፋቅ ማይካው በስስ ቅርፊት ይነሳል። ደላላው ድንጋዩን በውሃ ያርሰዋል። ከዚያ የእጅ ባትሪ ወይም የስልኩን መብራት ከስር ይይዝበታል። ከላይ ጥቁር የሚመስለው ነገር ብርሃን ሲያገኝ አረንጓዴ ይፈካል፤ ስንጥቁና ነቁጡም አብሮ ይታያል። ዋጋው የሚቆረጠው እዚያው ነው። ያወጣው ልጅና የያዘው ደላላ አንድ ድንጋይ እያዩ ሁለት የተለያየ ዋጋ ያስባሉ። ደላላው የከበሩ ድንጋዮች ገበያ በሆኑት በጃይፑር ወይም በባንኮክ ስንት እንደሚያወጣ ይገምታል። ልጁ የሚያውቀው ባለፈው ሳምንት ጓደኛው ስንት እንደሸጠ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለዛሬው ጉዳይ የሚጠቅመን አንድ ነገር አለ። ኤመራልዱ ያለው በፔግማታይቱ እምብርት ሳይሆን በጠርዙ ላይ፣ ከጥቁሩ አለት ጋር በሚነካካበት ቦታ ነው። ታንታለም ወይም ሊቲየም ለሚፈልግ ኩባንያ ያ ጥቁር ማይካ ቆሻሻ ነው። ገፎ የሚጥለው ነው። የሊቲየም አለት በድማሚት ሲፈነዳ ደግሞ ኤመራልድ ከነበረ እዚያው ይደቃል፤ ይህ ድንጋይ ምት አይችልም። ስለዚህ የሊቲየም ኩባንያ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት፣ ገፈህ የምትጥለውን ጠርዝ ማን አየው የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በዜና ሲነሳ አልሰማሁም።

በነገራችን ላይ ስፖዱሚን ራሱም ጌጥ ይሆናል። ጥርት ብሎ ሮዝ ሲሆን ኩንዛይት ይባላል። ስሙን ያገኘው ካሊፎርኒያ ፓላ አካባቢ በ1902 ከተገኘ በኋላ ከአሜሪካዊው የከበሩ ድንጋዮች ባለሙያ ከጆርጅ ኩንዝ ነው። ፋብሪካ የሚፈጨውና ቀለበት ላይ የሚቀመጠው አንድ ማዕድን ነው።

በኪስ፣ በጆንያ፣ በከባድ መኪና

ሦስቱን ማዕድናት በክብደትና በዋጋ ማነጻጸር ብዙ ነገር ያስረዳል። ለእኔ እንዲያውም የቀንጢቻ ፖለቲካ ግማሹ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

ጥሩ ኤመራልድ በካራት ይሸጣል፤ አንድ ካራት የግራም አንድ አምስተኛ ነው። የአንድ ቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ የሚሆን ድንጋይ በሸሚዝ ኪስ ይገባል። ኬላ ቢበዛ፣ ፍተሻ ቢጠብቅ፣ ማምለጡ አይቀርም። የታንታላይት ኮንሰንትሬት (ከአለቱ ተለይቶ የተጣራው ማዕድን) በቶን በአሥር ሺዎች ዶላር ያወጣል። ኪስ አይበቃውም፤ ጆንያ ግን ይበቃዋል። በአህያም በሞተርም ይሄዳል። የሊቲየም ኮንሰንትሬት ግን በ2024 በቶን አንድ ሺህ ዶላር አካባቢ ሲሸጥ የነበረ ዕቃ ነው። ማንም በጆንያ አይሰርቀውም። ያለ ከባድ መኪናና ያለ ደህና መንገድ ደግሞ ማንም አይሸጠውም።

ለዚህ ነው ኤመራልዱ የባህላዊ አምራቾችና የደላሎች፣ ሊቲየሙ የትልልቅ ኩባንያዎችና የመንግሥት የሆነው። ማንም አስቦ አልከፈለው። ክብደቱ ነው የከፈለው።

ሊቲየሙን በቁጥር እንየው። ለምሳሌ አለቱ 1.2 በመቶ የሊቲየም ኦክሳይድ አለው እንበል፤ ለዓለም ገበያ ደህና የሚባል ነው። ከዚያ ውስጥ 70 በመቶውን ማውጣት ቻልን እንበል። ገበያው የሚፈልገው ኮንሰንትሬት 6 በመቶ ነው። አንድ ቶን ኮንሰንትሬት ለማግኘት ሰባት ቶን ያህል አለት ይፈነዳል፣ ይፈጫል፣ ይታጠባል። ስድስቱ ቶን እዚያው ጉጂ ይቀራል። አንዱ ቶን ደግሞ ከቀንጢቻ በአዲስ አበባ በኩል እስከ ጅቡቲ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ባትሪ ውስጥ የሚገባ አንድ ቶን ሊቲየም ካርቦኔት ለማግኘት ወደ ስምንት ቶን ኮንሰንትሬት ያስፈልጋል። ያ የማጣራት ሥራ በአብዛኛው የሚካሄደው ቻይና ነው።

ዋጋው ሲሰቀል ይህ ሁሉ ያዋጣል። በ2022 መጨረሻ ቻይና ውስጥ የሊቲየም ካርቦኔት በቶን ወደ 600,000 ዩዋን ደርሶ ነበር። በ2023 መጨረሻ 100,000 አካባቢ ወረደ፤ ከዚያም ከዚያ በታች ሄደ። ስፖዱሚን ኮንሰንትሬትም በአንድ ወቅት ከ6,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 ከ1,000 በታች ገባ። እንግዲህ በ2022 የተጻፈ የአዋጭነት ጥናት በ2024 ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አስቡት። የማዕድን ዜና ሲወጣ ቢሊዮኖች ይጠቀሳሉ። እነዚያ ቢሊዮኖች የተሰሉት በየትኛው ዓመት ዋጋ እንደሆነ ግን አይነገርም። መሬት ውስጥ ያለውን ቶን በከፍተኛው ዋጋ አባዝቶ ሀብታችን ይህን ያህል ነው ማለት የትም አያደርስም። ወጪው፣ መንገዱ፣ ብክነቱ አልተቀነሰም። በአካባቢው ያለው የጸጥታ ችግርም የራሱ ዋጋ አለው።

ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። በአንድ በኩል ባትሪ በዶላር እንገዛለን። በሌላ በኩል የባትሪውን ጥሬ ዕቃ ለመሸጥ እየተዘጋጀን ነው። ሰው ይህን ሲያይ ለምን እዚሁ አይመረትም ይላል። ጥያቄው መጥፎ አይደለም። ግን የሊቲየም ማጣሪያ ብዙ ሙቀት፣ አሲድና ጥራቱ የማይዋዥቅ ጥሬ ዕቃ ይፈልጋል፤ ስፖዱሚን መጀመሪያ ከ1,000 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት መጠበስ አለበት። አንድ ማውጫ ብቻውን ማጣሪያን ሊመግብ መቻሉ አጠራጣሪ ነው። ዚምባብዌ በ2022 መጨረሻ ያልተጣራ የሊቲየም ድንጋይ እንዳይወጣ ከለከለች። የተከተለው በዋናነት የኮንሰንትሬት ፋብሪካ ነው እንጂ የባትሪ ፋብሪካ አይደለም። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ቢያንስ ተራው ድንጋይ በመኪና መሄዱን ያስቆማል።

ፈቃዱ ተከፋፍሏል፣ አለቱ አልተከፋፈለም

በእኛ አገር ሕግ የማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው ለተለየ ማዕድንና ለተለየ የሥራ መጠን ነው። ትልልቁን የፌዴራሉ ማዕድን ሚኒስቴር ይሰጣል። የባህላዊ አምራቾችን ፈቃድ ክልሎች ይሰጣሉ። በወረቀት ላይ ንጹሕ ክፍፍል ነው። ለወርቅም ለድንጋይ ከሰልም ምናልባት ይሠራል። ፔግማታይት ላይ ሲመጣ ግን ይፋለሳል። የኤመራልዱ ባህላዊ አምራቾች ማህበር የሚቆፍረው የፔግማታይቱን ጠርዝ ነው። የሊቲየሙ ኩባንያ የሚፈልገው ሆዱን ነው። በመሃል ታንታላይቱ አለ፤ ከኤመራልድ ጉድጓድ በሚወጣ አፈርም ሊገኝ ይችላል፣ ከሊቲየም አለትም አብሮ ይወጣል። አንዱ የሚጥለው የሌላው እንጀራ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሁሌም የማነሳው ሁለት አገር ነው። አንደኛው አውስትራሊያ ነው። ግሪንቡሽስ የሚባለው ቦታ በ1888 የቆርቆሮ ማውጫ ሆኖ ተጀመረ። ኋላ ታንታለም ወጣበት። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ሊቲየም፤ ዛሬ በዓለም ትልቁ የሊቲየም አለት ማውጫ ነው። ያም አንድ ፔግማታይት ነው። የቀድሞ ቆፋሪዎች የጣሉት ነጭ ድንጋይ የኋለኞቹ ሀብት ሆነ። ሁለተኛው ዛምቢያ ነው። ካጌም የተባለው የኤመራልድ ማውጫ 25 በመቶው የመንግሥት ነው። ከ2009 ጀምሮ ጥሬ ድንጋዩን የሚሸጠው በጨረታ ነው። ድንጋዩ በመጠን፣ በቀለምና በጥራት ተለይቶ ይደረደራል፣ ገዢዎች ይጋበዛሉ፣ የታሸገ ዋጋ ይሰጣሉ፣ ውጤቱ ይፋ ይሆናል። ዛምቢያ ውስጥ ሁሉ ሰው ደስተኛ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ኤመራልድ ስንት እንደተሸጠ በጋዜጣ ላይ ይነበባል።

ለሻኪሶ ልጆች ከዚህ የሚጠቅመው ጨረታው ራሱ ሳይሆን መደርደሩ ነው ባይ ነኝ። ማህበራቱ ድንጋያቸውን ለይተው፣ መዝነው፣ ፎቶ አንስተው የሚያስቀምጡበት አንድ ቤት ሻኪሶ ላይ ቢኖር ደላላው ሥራ አያጣም። ዋጋ የሚቆርጠው ግን ብቻውን መሆኑ ይቀራል። ድንጋዩ ዛሬ በኪስ የሚወጣው ሕግ ስለሌለ ብቻ አይደለም። በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚያተርፍ ስለማይታየው ጭምር ነው።

የነዋሪው ጉዳይ ደግሞ አለ። ጉጂ ውስጥ ማዕድን ሲነሳ የለገደንቢ ትዝታ አብሮ ይነሳል። በ2018 ሕዝቡ በጤናችን ላይ ጉዳት ደርሷል ብሎ አደባባይ ወጥቶ የወርቅ ማውጫው ፈቃድ ታግዶ ነበር። ወርቅና ፔግማታይት የሚያመጡት ጉዳት አንድ ዓይነት አይደለም። እዚህ ወርቅ ለማጣራት የሚውለው መርዝ፣ ሳያናይድ የለም። እዚህ ያለው የኳርትዝ አቧራ ነው፤ ለዓመታት የተነፈሰው ሰው ሳንባው ጠባሳ ይዞ ይታመማል። ክፍት ጉድጓድ አለ። ከታንታላይቱ ጋር የተከማቸ ራዲዮአክቲቭ ነገር አለ። እነዚህ ሦስቱም በመሣሪያ የሚለኩ ናቸው። የሊቲየሙ ሥራ በሙሉ አቅሙ ሳይጀመር ውሃው፣ አቧራውና ጨረሩ ተለክቶ፣ ቁጥሩ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተለጥፎ ቢታይ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን እንደተቀየረ የሚያከራክር ነገር አይኖርም። ለገደንቢ ላይ ያከራከረው አንዱ ይኸው ነበር፤ በፊት ምን እንደነበር የሚያሳይ፣ ሁሉም የሚያምነው መለኪያ አልነበረም።

የተጣለው ክምርም አለ። በታንታለሙ ዘመን የታጠበው አሸዋ ውስጥ ሊቲየም ብዙም አይጠበቅም፤ ዝናቡ ቀድሞ ወስዶታል። ደቃቅ ታንታላይት ግን ይጠበቃል፤ የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ዱቄት የመሰለውን ፍሬ መያዝ አይችልም፣ ከውሃው ጋር ያመልጣል። አሁን ደግሞ እሱን የሚይዙ መሣሪያዎች አሉ። ግሪንቡሽስም ለሊቲየሙ ብሎ የድሮ ክምሩን እንደገና የሚያጥብ ፋብሪካ ሠርቷል። ክምሩ አይፈነዳም፣ አይፈጭም፣ ተፈጭቶ ያለቀ ነው። ከተለያየ ጥልቀት ናሙና ወስዶ ቤተ ሙከራ ማስገባት የሳምንታት ሥራ ነው። ቀንጢቻ ላይ ማንም አዲስ ጉድጓድ ከመክፈቱ በፊት መጀመሪያ ውጤቱን ማየት የምፈልገው የዚያን ክምር ነው።